የእሜቴ ታንጉት አሥራ አራት ደቂቃ

እኔ የድምፅ ሰው ነኝ። ሰው ፊልም አይቶ ሲወጣ «ካሜራው እንዴት ያምራል!» ይላል እንጂ «ድምፁ እንዴት ይጠራል!» ያለ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ግድ የለም፣ ለምጄዋለሁ። እኛ ትዝ የምንለው ድምፁ የጠፋ ዕለት ነው። ደባርቅ ላይ እኔን የማያስታውስ ሰው የለም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፣ ግን አታቋርጡኝ። ካቋረጣችሁኝ አልጨርሰውም።

በ1974 ዓ.ም. ግንቦት ላይ መሥሪያ ቤታችን እኔንና ሀብተ ሚካኤልን ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ላከን። ሀብተ ሚካኤል አዘጋጅም ነው፣ ካሜራ ያዥም ነው፣ ነዝናዛም ነው። ሞስኮ አምስት ዓመት ፊልም ተምሯል። እዚያ እያለ እናቱ ሞተው ለቅሶ አልደረሰም፤ ሲመለስ ተዝካሩም አልፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ባየ ቁጥር ታክሲ እንደሚያመልጠው ሰው ካሜራውን አንግቶ ይሮጣል። «ደምለው፣ ይህ ነገር እየጠፋ ነው እኮ! የሚመጣው ልጅ ምን ሊያይ ነው? ምን ሊሰማ ነው?» ይለኛል ጧትና ማታ። እኔ ደግሞ «መጀመሪያ ባትሪ ይግዙልን» እለዋለሁ።

ያን ጊዜ የያዘው አባዜ ሙሾ ነበር። የሰሜን ሙሾ። አለቆቻችን ሙሾ ኋላ ቀርነት ነው ባዮች ነበሩ፤ እሱ ግን «የሰፊው ሕዝብ ሥነ ቃል» ብሎ ጽፎ አስፈረማቸው። እኔን የመረጠኝ ጆሮዬ ስላማረው እንዳይመስላችሁ፤ የደባት ልጅ ስለሆንኩ ነው። «አገርህ ነው፣ ሰው ታውቃለህ» አለኝ። ማወቅስ አውቃለሁ። ደባርቅ ገብተን «ሙሾ የሚያወርድ ማን አለ?» ያልነው ሰው ሁሉ የመለሰልን አንድ ስም ነው፦ እሜቴ ታንጉት። እኔ ገና ከአዲስ አበባ ሳንወጣ አውቀው ነበር። ያ ስም እንዳይነሣ ብዬ ነው መንገዱን ሙሉ አፌን የዘጋሁት።

እሜቴ ታንጉት የሚኖሩት ከደባርቅ ቁልቁል አንድ ሰዓት በእግር ከሚያስኬድ መንደር ነው። በደጉ ጊዜ ከበየዳ ድረስ በቅሎ ይላክላቸው ነበር። ትልቅ ሰው ሲሞት እሳቸው ካላወረዱ የተቀበረም አይመስል። የኔን አባት ያወረዱት እሳቸው ናቸው። አባቴ ላቀው ጨው ነጋዴ ነበር፤ መንገድ ላይ ታሞ ሲሞት በቅሎዋ ቀድማው ቤት ገባች። እሜቴ ታንጉት መሐል ገቡና፣

በቅሎዋ ብቻዋን ጨው ጭና ገባች፣
ላቀውን የት ጥላ እኛ ዘንድ መጣች።

አሉ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እስከዚያች ደቂቃ አንድ ጠብታ አላለቀስኩም። ይችን ሁለት ስንኝ እስከ ዛሬ፣ ቢሮ ተቀምጬም፣ አውቶቡስ ተሳፍሬም፣ ስትመጣብኝ አባቴ ፊቴ ድቅን ይላል። ይህን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

እኛ ስንደርስ ግን እሜቴ ታንጉት ማውረድ ካቆሙ አራት ዓመት አልፏቸዋል። ምክንያቱን አገር ያውቀዋል፣ አገር አይናገረውም። አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ያርጋል የሚባል፣ ደባት ላይ አስተማሪ። የካቲት 1970 ከክፍል ጠርተው አስወጥተው ወሰዱት። በሦስተኛው ቀን መኪና መንገዱ ዳር ተጥሎ ተገኘ። እናትየው ሲደርሱ የጠበቃቸው ትእዛዝ ነው፦ ማልቀስ የለም፣ ጥቁር መልበስ የለም፣ የፀረ አብዮተኛ ለቅሶ አይወጣም። የሰውን ሁሉ ልጅ ያለቀሱ ሴትዮ የራሳቸውን ልጅ ዝም ብለው ቀብረው ዝም ብለው ቤታቸው ገቡ። እኔ ይህን ስሰማ አዲስ አበባ ነበርኩ፤ እኔም ዝም አልኩ።

ያርጋል ሲሞት ሚስቱ እርጉዝ ነበረች። ሴት ልጅ ወለደች፣ ጡት ባስጣለቻት ጊዜ ለአያትየው ትታት ጎንደር ሄዳ ሌላ አገባች። ልጅቱን ስጦታ አሏት። ከዚያ ወዲህ እሜቴ ታንጉት ለቅሶ ሲሆን ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ አፋቸው አይከፈትም። ሲለምኗቸው «የልጄን ሳላወርድ የማንንም አላወርድም» ይላሉ። የልጃቸውን ማውረድ ደግሞ ክልክል ነው። እንግዲህ ሀብተ ሚካኤል ካሜራ ተሸክሞ የሚሄደው እኒህ ሴትዮ ዘንድ ነው።

«ተው፣ ሌላ ፈልግ» አልኩት።

«ሌላማ የለም! ለዚህ እኮ ነው የመጣነው!» አለኝ።

ሄድን። ከከተማው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ አብሮን ተመድቧል፤ ጓድ ሰጠኝ ይባላል፣ ረጅም ካኪ ለባሽ፣ ቃል የሚወደድበት ሰው። ሁልጊዜ አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ ይቆማል፣ ደብተሩን ይገልጣል፣ ይዘጋል። ምን እንደሚጽፍ እግዜር ይወቀው። እኔ ሰውዬውን ባየሁት ቁጥር ወደ ሽቦዬ አጎነብሳለሁ።

እሜቴ ታንጉት ደጃፋቸው ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። አወቁኝ፣ ሳሙኝ፣ የእናቴን የአመተ ማርያምን ጤና ጠየቁኝ። ሀብተ ሚካኤል የመጣበትን ሲነግራቸው እንዝርታቸውን እንኳ አላቆሙም።

«ማን ሞተ?» አሉት።

«ማንም አልሞተም እሜቴ። እንዲያው ለምሳሌ ያህል…»

«ለሞት ምሳሌ አለው እንዴ የኔ ልጅ? ሰው ሳይሞት ሙሾ ማውረድ ሟርት ነው። በሉ ጠላ ቅመሱና በጊዜ ግቡ።»

በማግስቱም ሄድን፣ በማግስቱም እንዲሁ ጠላ ጠጥተን ተመለስን። በሦስተኛው ቀን ጓድ ሰጠኝ ስብሰባ ነበረበትና ብቻችንን ሄድን። ሀብተ ሚካኤል መሬት ላይ ቁጭ አለ። ስለ ሰፊው ሕዝብ ሥነ ቃል ምንም አላወራም። ስለ እናቱ ነገራቸው። «ማን እንዳወረደላቸው አላውቅም፣ ምን እንደተባለላቸው አላውቅም፤ የጠየቅሁት ሁሉ ረስቶታል። አንድ ስንኝ የያዘልኝ ሰው የለም እሜቴ» አለና አለቀሰ። አዘጋጅ ተብዬው እንደ ሕፃን ንፍጡን ጠረገ። ከዚያ ወደኔ የድምፅ መቅጃ ማሽን ጠቁሞ «ይህ ግን ይይዛል። አይረሳም» አላቸው።

እንዝርቱ ቆመ።

«ይይዛል? እንዴት አድርጎ?»

እሱ ጠቀሰኝ። እኔ ቴፑን ከፈትኩና ስጦታን ጠራኋት። አራት ዓመት አልሞላትም፤ ዶሮ ታባርራለች። «ስምሽ ማን ነው?» ብዬ ማይኩን አስጠጋሁላት። «ስጦታ ያርጋል» አለች። ወደ ኋላ አጠንጥኜ አሰማኋት። «ስጦታ ያርጋል» ሲል ማሽኑ፣ ልጅቱ እሪ ብላ አያቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች። እሜቴ ታንጉት ግን ማሽኑን እንደ ሰው አፍጥጠው አዩት። ያ ስም በዚያ ደጅ ጮክ ተብሎ ሲነገር ከአራት ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

«ስንት ጊዜ ይቆያል?»

«መቶ ዓመት!» አለ ሀብተ ሚካኤል።

እሱን አላመኑትም። እኔን ነው ያዩት። «አንተ፣ የአመተ ማርያም ልጅ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው እሜቴ።»

«ይቺ ልጅ አባቷን አታውቅም። ስታድግ የወረደለትን ትሰማለች?»

«ትሰማለች።»

«ማልልኝ።»

«የአባቴ አጥንት ይውጋኝ» አልኩ። እንዲህ ነው የማልኩት፣ በገዛ አፌ፣ ማንም ሳያስገድደኝ።

«እንግዲያው ነገ ጧት ኑ» አሉ። «ማን እንደሞተ እኔ አውቃለሁ።»

በማግስቱ ከግቢያቸው ወይራ ሥር አልጋ ወጥቷል። አልጋው ላይ ነጠላ የለበሰ ነገር አለ። በኛ አገር አስከሬን በሌለበት የሟቹ ልብስ ይዘረጋና በሱ ላይ ይለቀሳል። ጓድ ሰጠኝ «ይህ ምንድን ነው?» ሲል ሀብተ ሚካኤል «ለምስሉ ነው ጓድ። ቢራራ የሚባል አዳኝ ሞተ ብለን ነው፣ የፈጠራ ሰው» አለው። ጓድ ሰጠኝ ደብተሩን ገለጠ፣ ዘጋ። ሄዶ አጥሩ ሥር ቆመ። ጎረቤት ተሰብስቧል፣ ቢበዛ ሃያ ሰው።

እንግዲህ የኔን ሥራ ልንገራችሁ፣ ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም። ካሜራው ምስል ብቻ ነው የሚይዘው፤ ድምፁ ለብቻው እኔ ማሽን ላይ ይቀራል፣ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ይጋባሉ። ማሽኑ ላይ መርፌ አለች። ድምፁ ሲበረታ ወደ ቀይ ትሄዳለች፤ ቀይ ከገባች ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ተበላሸ ማለት ነው። ስለዚህ ዓይኔ መርፌዋ ላይ፣ እጄ የድምፁ ማስተካከያ ላይ፣ ጆሮዬ ማዳመጫው ውስጥ ነው። የምሰማው ንፋስ አለ ወይ፣ ዝንብ ማይኩ ላይ አረፈ ወይ፣ የሽቦው ጫፍ ይንኮሻኮሻል ወይ የሚለውን ነው። ቃል አልሰማም። አሥር ዓመት ስሠራ ስንት ንግግር ቀድቻለሁ፣ አንዱንም አልሰማሁም። በዚህ ደግሞ እኮራ ነበር! ጎበዝ የድምፅ ሰው እንዲህ ነው ይሉን ነበር ያስተማሩን።

እሜቴ ታንጉት ቀስ ብለው ጀመሩ።

የገደሉን መንገድ ማን ይምራን ከእንግዲህ፣
ቢራራ ተኛ አሉ እግሩን ዘርግቶ እዚህ።

አሮጊቶቹ ተቀበሉ። ይህችን በቃሌ የያዝኳት ገና ልኩን ሳስተካክል ጆሮዬ ቃሉ ላይ ስለነበር ነው። መርፌዋ መሐል ላይ ተደላድላለች፣ ደስ ብሎኛል። ከዚያ እሜቴ ታንጉት ወደ አልጋው ሄደው ነጠላውን ገፈፉት። ከሥሩ ግራጫ ኮት ነው፣ እጅጌው በጠመኔ እንደነጣ ያለ። የአስተማሪ ኮት።

«ያርጋል!» አሉ።

መርፌዋ ቀይ ገባች። እኔ ምን አሰብኩ? «ዝቅ ማድረግ አለብኝ» አሰብኩ። በቃ፣ ይህን ነው ያሰብኩት።

አሥራ አራት ደቂቃ። አራት ዓመት ሙሉ የተዘጋ አፍ ተከፈተ። ሲጮኹ ዝቅ አደርጋለሁ፣ ሲያንሾካሹኩ ከፍ አደርጋለሁ። እንዲያ ያለ ድምፅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልቀዳሁም። ቀና ስል ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ይንሰቀሰቃሉ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን ይደቃሉ፣ ሀብተ ሚካኤል ካሜራው ላይ ተጣብቆ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ስጦታ የኮቱን እጅጌ ይዛለች። እኔ ወደ መርፌዬ ተመለስኩ። ንፋስ የለም፣ ዝንብ የለም፣ ሽቦው ደህና ነው።

ሲጨርሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ወጣልኝ» አሉ። «እፎይ። ወጣልኝ።» ከዚያ ወደኔ ዞረው «ያዝከው?» አሉኝ።

«ያዝኩት እሜቴ። አንድም አላመለጠኝ።»

ግንባሬን ሳሙኝ። እንባቸው እስከ አሁን ግንባሬ ላይ ያለ ይመስለኛል።

መሣሪያ ስንጭን ጓድ ሰጠኝ መጣ። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። «ነገ ጧት ያን ቴፕ ይዛችሁ ቢሮ ትመጣላችሁ። ሳትመጡ እንዳትሄዱ» ብሎን ቀድሞን ዳገቱን ወጣ።

ደባርቅ ስንመለስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሀብተ ሚካኤል ከሾፌሩ ጋር ጎማ ሊያስለጥፍ ሄደ። እኔ ሆቴሉ ክፍል ውስጥ ከማሽኑ ጋር ቀረሁ። ያርጋል፣ ያርጋል፣ ያርጋል። በስም፣ በግልጽ፣ በሃያ ሰው ፊት። ነገ ይህን ሰውዬው ቁጭ ብሎ ያደምጣል። ከዚያ እሜቴ ታንጉት፣ ከዚያ ሀብተ ሚካኤል፣ ከዚያ እኔ። ስንቱን ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር ወስደውታል! ለሴትዮዋ ስል ነው አልኩ ለራሴ። ለልጅቱ ስል ነው፣ አያቷን ካሰሩ ማን ያሳድጋታል አልኩ። ውሸት! ለራሴ ስል ነው።

ቴፑን መደበቅ ይቻል ነበር። ሌላ ቴፕ ወስዶ «ይኸው» ማለት ይቻል ነበር፤ ሦስት ባዶ ቴፕ ሻንጣዬ ውስጥ ነበረኝ። ይህ ትዝ ያለኝ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ፍርሃት እንዲህ ያደነዝዛል።

ክሩን ወደ መጀመሪያው አጠነጠንኩት። ማይኩን አልጋው ላይ ጣልኩ። የመቅጃውን ቁልፍ ተጫንኩ። የድሮውን የሚያጠፋው አዲሱ ቅጂ ነው፤ ስለዚህ አሥራ አራት ደቂቃ ሙሉ ማሽኑ አጠገብ ቁጭ ብዬ ባዶ ክፍል ቀዳሁ። መርፌዋ አልተንቀሳቀሰችም። አንዴ ብቻ፣ ውጭ አህያ ስታናፋ፣ ብድግ ብላ ተመለሰች። መሐል ላይ ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም።

በማግስቱ ጧት ቢሮ ገባን። ጓድ ሰጠኝ የይለፍ ወረቀታችንን ፈርሞ ሰጠን። እኔ ቴፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና «የሚደመጠው ይኸው ነው ጓድ» አልኩ። ማሽኑን ልከፍት ስል እጁን ዘረጋ።

«ተወው» አለኝ። ማኅተሙን አነሣና የቴፑ ካርቶን ላይ አንዴ መታ። በእስክሪብቶ ከሥሩ «ቢሮ ቀርቦ ተደምጧል» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ። «እንግዲህ በየኬላው የሚነካው የለም» አለ። ከዚያ መስኮቱን እያየ «ትናንት ንፋስ ነበር አይደል? እኔ እንደሆነ አጥሩ ሥር ሆኜ አንድ ቃል አልሰማሁም» አለ።

ንፋስ አልነበረም። ንፋስ ቢኖር ኖሮ ከኔ ቀድሞ የሚያውቅ የለም። ሰውዬው ሁሉንም ሰምቷል። ሰምቶ፣ ሌሊቱን አስቦበት፣ የራሱን አንገት ለገመድ አቀብሎ ሊያሳልፍልን ነው የጠራን። ካርቶኑን ሁለት እጄ ላይ አስቀመጠና «ደህና አድርገህ ያዘው» አለኝ። «እሺ» አልኩ።

ለሀብተ ሚካኤል ማሽኑ ተበላሽቶ ሳይቀዳ ቀረ አልኩት። ደባት ሳንደርስ ነው የነገርኩት። መኪናውን አስቁሞ ወረደና መንገዱ ዳር ቆመ። ሰድቦኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ተመልሶ ሲገባ «እንሂድና ይድገሙት» አለ። ሙሾ እኮ ዘፈን አይደለም፣ አይደገምም። ስንኙ ከአንጀት ሲመጣ ይወጣል፣ አልቃሿ ራሷ በማግስቱ አትይዘውም። የሚይዘው ሰሚው ነው። እሱም ያውቀዋል፤ ለሾፌሩ «ንዳ» አለው። ከዚያ ቀን ወዲህ ፊቴን አይቶ አያውቅም።

ስንኙን ከሰዎቹ ለመልቀም ሞክሬያለሁ። በዓመቱ ፈቃድ ወስጄ፣ እናቴን ልጠይቅ ነው ብዬ ሄጄ፣ እሜቴ ታንጉት እንዳያዩኝ በጓሮ በጓሮ እየዞርኩ፣ ያን ቀን የነበሩትን አንድ በአንድ ጠየቅሁ። «ኧረ እኔ ጆሮዬ ከባድ ነው» አሉኝ። «ያን ቀን ከብት ልመልስ ወጥቼ ነበር» አሉኝ። ሲንሰቀሰቁ በዓይኔ ያየኋቸው ሰዎች! አልተቀየምኳቸውም። ከመንግሥት ቢሮ የመጣ ሰው የሞተ ልጅ ስም ይዞ ሲጠይቅ ማን ሰማሁ ይላል?

ፊልሙ ተሠራ። ለመስከረም 1977 የአብዮት በዓል ደረሰ፤ ከዚያ በየአውራጃው ይዞር ተባለ። ደባርቅ የሚሄደው ማን ይሁን ሲባል አሁንም የአገሩ ልጅ ተባልኩ። ጥቅምት ላይ ነው። የቀበሌውን አዳራሽ መስኮት በብርድ ልብስ ሸፍነን በጠራራ ፀሐይ አጨለምነው። ጀነሬተሩ ደጅ ይንኳኳል። ሰው ጢም ብሎ ሞልቷል።

እሜቴ ታንጉት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ነጭ ለብሰዋል። ስጦታ ጎናቸው ናት፣ ስድስት ዓመት አልፏታል፣ ፀጉሯን ተሠርታለች። ሲያዩኝ ተነሥተው መጡ። «መጣህልኝ የአመተ ማርያም ልጅ! ዛሬ ትስማ ብዬ ይዣት መጣሁ። አንድም ቀን አልነገርኳትም፤ ከዚያ ትሰሚዋለሽ እያልኩ ነው ያቆየኋት» አሉኝ። እውነቱን ያን ጊዜ ብነግራቸው ምን ነበረበት? ፕሮጀክተሩን አስነሣሁ።

ወይራው መጣ። አልጋው መጣ። እሜቴ ታንጉት መጡ። «ውይ!» አለ ሰው። ከዚያ ድምፅ ማጉያው ውስጥ ወፍራም የወንድ ድምፅ ጀመረ፦ «የሰሜን አርሶ አደር በሐዘኑ ጊዜ የሚያከናውነው ባህላዊ ሥርዓት ይህን ይመስላል…» ከሥሩ መሰንቆ አለ። ሸራው ላይ እሜቴ ታንጉት ነጠላውን ገፈፉ፣ አፋቸው ተከፈተ፣ መሰንቆው ይቀጥላል። ሰውዬው ስለ ገብስ ምርት ይናገራል። አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይከፈታል።

እሜቴ ታንጉት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። «አቁመው» አሉ። አቆምኩ። «ይኸ ሰውዬ ማን ነው? ይኸን ሰውዬ አስወጣልኝና እንደገና አሳየኝ።»

ፊልሙን ወደ ኋላ መለስኩ። ድምፅ ማጉያውን አጠፋሁ። ፊልሙ በዝምታ ሄደ፣ የሚሰማው ጀነሬተሩ ብቻ ነው። እሜቴ ታንጉት ወደ ሸራው ተጠጉ። ስጦታ አብራቸው ተጠጋች።

«እምዬ፣ ምንድን ነው የምትይው?» አለቻቸው።

አላዩዋትም። የራሳቸውን አፍ ነው የሚያዩት። ከንፈራቸው ከሸራው ጋር መንቀሳቀስ ጀመረ። «ያርጋል» አሉ አብረው። ቃሉ ከከንፈራቸው ገጠመ። ቀጥለው ሊሉ ሞከሩ፣ የሸራዋ ሴትዮ ቀደመቻቸው። እንደገና ሞከሩ፣ አሁንም ቀደመቻቸው። ሦስት ጊዜ አስመለሱኝ። ሦስቱንም ጊዜ ከ«ያርጋል» አላለፉም።

«አልያዝኩትም ልጄ» አሏት በመጨረሻ። «እኔ የለኝም። ከኔ ወጥቷል።» ከዚያ ጣታቸውን ወደኔ ቀሰሩ። በቁጣ አይደለም፤ ጭራሽ በእምነት ነው። «ያን ቀን ግን እሱ ጆሮ ላይ ነበርኩ። ከሁሉም አስጠግቶ የሰማኝ እሱ ነው። ሂጂ፣ እሱ ይንገርሽ።»

ስጦታ መጣች። በወንበሮቹ መሐል ቀስ ብላ መጥታ ከፕሮጀክተሩ አጠገብ፣ ፊት ለፊቴ ቆመች። ቀና ብላ ጠበቀችኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ ይጠብቀኛል። መርፌዋ ትዝ አለችኝ። እጄ የድምፁ ማስተካከያ ላይ ከፍ ዝቅ ሲል ትዝ አለኝ። የአባቴ በቅሎ ሳይቀር ትዝ አለችኝ። ከአሥራ አራቱ ደቂቃ ግን አንዲት ስንኝ፣ የስንኝ ስባሪ እንኳ አልመጣልኝም።

«አባትሽ» አልኳት፣ «አባትሽ ስሙ ያርጋል ነበር።»

ተጨማሪ ጠበቀች። እንደሌለ ሲገባት ወደ አያቷ ዞር አለች፣ ከዚያ ወደኔ ተመለሰች።

«እሱንማ አውቀዋለሁ» አለችኝ።